ሕንፃው የማን ነው? እርሳሱስ በማን እጅ ነው?

አንድ ትምህርት ቤት ወይም አንድ ሆስፒታል በሚመረቅበት ቀን ሪባኑን የሚቈርጠው ማን እንደ ሆነ ተሰብስቦ የቆመው ሕዝብ ሁሉ ያያል። የሥራ ተቋራጩም ስም በአጥሩ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ በጉልህ ተጽፎ ይነበባል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን በነጭ ወረቀት ላይ የመጀመሪያውን መስመር ያሰመረው ማን ነው? መስመሩንስ ከማስመሩ በፊት ማንን ጠየቀ? ብሎ የሚመረምር ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም በዚያ ሕንፃ ውስጥ ለሚማረው ሕፃን፣ ለሚታከመው በሽተኛና ለሚኖረው ቤተ ሰብ የነገሩ ሁሉ መነሻ ይኸው ጥያቄ ነው። መስኮቱ በየት በኩል ይሁን? ደጁ ወደ መንገድ ወይስ ወደ ጓሮ ይመልከት? ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኝበት ስፍራ ይኑር ወይስ አይኑር? ይህ ሁሉ የሚወሰነው ግንበኛው መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ይህ ጥያቄ በመላው ዓለም በአርክቴክቶች ዘንድ ብርቱ ክርክር ሲያስነሣ ቆይቷል። ከዚህ ቀደም በሙያው አደባባይ ድምፃቸው ብዙ ከማይሰማ ወገኖች፣ ይኸውም ከአፍሪካ መንደሮች፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ሰፈሮችና ከሴቶች መካከል የወጡ ነዳፊዎች ወደ ፊት እየመጡ፣ ሕንፃ የጋራ ኑሮ መሣሪያ እንጂ የጥቂቶች ጌጥ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም የሚል ሐሳብ ይዘው ተነሥተዋል። የነገሩን መነሻና አካሄድ፣ ለእኛም ያለውን ትምህርት በዚህ ገጽ ለመመርመር እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሽልማቱ ዜና

በ2022 ለአርክቴክቶች የሚሰጠው ታላቁ የፕሪትዝከር ሽልማት ለቡርኪና ፋሶ ተወላጅ ለሚስተር ፍራንሲስ ኬሬ ተሰጠ። ይህ ሽልማት ከ1979 ጀምሮ ሲሰጥ የኖረ ቢሆንም ለአንድ አፍሪካዊ ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ2023 በጣሊያን አገር በቬኒስ ከተማ የሚደረገውን ዓለም አቀፍ የኪነ ሕንፃ ኤግዚቢሽን በአዘጋጅነት የመሩት፣ በትውልድ ከጋናም ከስኮትላንድም የሆኑት ፕሮፌሰር ሌስሊ ሎኮ ናቸው። ከተጋበዙት 89 ተካፋዮች ከግማሽ የሚበልጡት ከአፍሪካ ወይም በውጭ አገር ከሚኖሩ የአፍሪካ ልጆች ወገን ነበሩ፤ አማካይ ዕድሜያቸውም 43 ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ አርክቴክቶች ንጉሣዊ ኢንስቲትዩት የወርቅ ሜዳዩን ለፓኪስታን የመጀመሪያዋ ሴት አርክቴክት ለወይዘሮ ያስሚን ላሪ ሰጠ። እኚህ ሴት ከ2005 የመሬት መንቀጥቀጥ ወዲህ በጭቃ፣ በኖራና በቀርከሃ የሚሠራ ርካሽ ቤት ነድፈው አሠራሩን ለራሱ ለመንደሩ ሕዝብ በማስተማር የታወቁ ናቸው። በ2024 ደግሞ ይኸው ሜዳይ ለፕሮፌሰር ሎኮ ደረሰ።

ይህን ሁሉ የሰማ ወጣት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል ቢል አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ዜናውን ከነጓዙ መመልከት ያስፈልጋል። ያ የቬኒስ ኤግዚቢሽን የተሰየመው «የወደፊቱ ዘመን ቤተ ሙከራ» ተብሎ ነበር፤ ቤተ ሙከራዋም አፍሪካ እንደ ሆነች ተነግሮ ነበር። ይሁን እንጂ በመክፈቻው ዋዜማ ከፕሮፌሰር ሎኮ ረዳቶች ሦስቱ ጋናውያን የጣሊያን ቪዛ ተከልክለው ቀሩ። ሥራቸው ገባ፤ ሠራተኞቹ ግን ከውጭ ቀሩ ማለት ነው። እንግዲህ ሽልማትና ፍትሕ አንድ ነገር እንዳልሆኑ ከዚህ መረዳት አያስቸግርም።

የጠበበው በር

የነገሩን ሥር ለማግኘት ወደ ኋላ መለስ ብሎ የአሜሪካንን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በ1894 በሎስ አንጀለስ ከተማ የተወለዱት ሚስተር ፖል ዊሊያምስ ገና በአራት ዓመታቸው አባትና እናታቸውን ያጡ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። አርክቴክት ለመሆን እንደሚፈልጉ ሲናገሩ አስተማሪያቸው ነጮቹ ሥራ አይሰጡህም፣ ጥቁሮቹም የሚከፍሉህ የላቸውም በማለት ሊያስተዋቸው ሞክሮ ነበር። እሳቸው ግን በዚሁ ሙያ ገፉበትና በ1923 የአሜሪካ አርክቴክቶች ኢንስቲትዩት የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆኑ። በሕይወታቸውም ከ2,000 በላይ ሕንፃዎችን ነደፉ።

ይሁን እንጂ ሚስተር ዊሊያምስ አንድ የተለየ ችሎታ ነበራቸው፤ ይኸውም ንድፍን በግልብጥ መሣል ነው። ይህን የተማሩት ለጨዋታ አልነበረም። በዚያ ዘመን አንዳንድ ነጭ ባለጉዳዮች ከጥቁር ሰው አጠገብ ጎን ለጎን መቀመጥን ስለማይወዱ፣ በጠረጴዛው ማዶ ሆነው ንድፉ ለባለጉዳዩ ቀጥ ብሎ እንዲታየው አድርገው ይሥሉለት ነበር። የነደፏቸው ቤቶች ከሚገኙባቸው ሰፈሮችም አንዳንዶቹ በውል ለጥቁር ሰው እንዳይሸጡ የተከለከሉ ስለ ነበሩ፣ ነዳፊው በነደፉት ቤት ውስጥ የመኖር መብት አልነበራቸውም። ኢንስቲትዩቱ ከፍተኛውን የወርቅ ሜዳይ የሰጣቸው በ2017 ነው፤ ሚስተር ዊሊያምስ የሞቱት ግን በ1980 ነበር። ሜዳዩ ባለቤቱን 37 ዓመት ዘግይቶ ፈለገው።

ከ1949 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ያረጁ ሰፈሮችን አፍርሶ ከተሞችን ለማደስ ሰፊ ገንዘብ መደበ። በዚህም ሥራ እጅግ ብዙ የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈሮች ፈርሰው በስፍራቸው አውራ ጎዳናዎችና ታላላቅ ሕንፃዎች ተተከሉ። ንድፉን የሠሩት አርክቴክቶች ናቸው፤ ከነዋሪዎቹ መካከል ግን አርክቴክት የሆነ ሰው ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። በ1968 የጥቁሮች መብት ታጋይ የነበሩት ሚስተር ዊትኒ ያንግ በኢንስቲትዩቱ ጉባኤ ላይ በፖርትላንድ ከተማ ተገኝተው፣ አርክቴክቶች ይህ ሁሉ ሲሆን ዝም በማለታቸው ከተጠያቂነት እንደማያመልጡ ፊት ለፊት ነገሯቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1971 ዐሥራ ሁለት ጥቁር አርክቴክቶች በዲትሮይት ከተማ ተገናኝተው የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ። ይህ ማኅበር ዛሬ ከየትኛውም አናሳ ወገን የሚመጡትን ወጣት አርክቴክቶች የሚያስተባብር ሆኗል።

ከዚያ ንግግር ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል። ይህም ሆኖ ጥቁሮች ከአሜሪካ ሕዝብ 13 በመቶ ያህል ሲሆኑ ፈቃድ ካላቸው አርክቴክቶች መካከል ያላቸው ድርሻ 2 በመቶ አካባቢ ነው። ዛሬ በዘሩ ምክንያት ማንንም የሚከለክል ሕግ የለም። በሩን ያጠበበው ገንዘብና ጊዜ ነው። ረጅም የዩኒቨርሲቲ ትምህርት፣ በአርክቴክት ሥር ሆኖ የሚቈጠር የሥራ ልምምድ፣ ቀጥሎም በስድስት ክፍል የተመደበ ፈተና አለ፤ ሁሉ ተደምሮ ከመጀመሪያው የትምህርት ቀን እስከ ፈቃዱ ድረስ በአማካይ ከዐሥር ዓመት በላይ ይፈጃል። በእነዚህ ዓመታት የሚደግፈው ቤተ ሰብ የሌለው ወጣት፣ ችሎታ ሳያጥረው እንጀራ አጥሮት በመንገድ ይቀራል።

የነዳፊው ወገን ብቻ ይበቃልን?

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ እንግዲያው ከተበደለው ወገን የወጡ አርክቴክቶች ቍጥር ቢበዛ ነገሩ ሁሉ ይቃናል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሐሳቡ በከፊል እውነት ነው፤ ሙሉ እውነት አለመሆኑን ግን በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ የተሠራው የፕሩት ኢጎ የመኖሪያ ሰፈር ታሪክ ያስረዳል።

የዚህን ሰፈር ንድፍ የሠሩት ሚስተር ሚኖሩ ያማሳኪ የጃፓን ስደተኞች ልጅ ነበሩ። በወጣትነታቸው የትምህርት ወጪያቸውን የሸፈኑት በየክረምቱ በአላስካ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ እየሠሩ ነው። እንግዲህ ድኽነትንም በዘር መገለልንም በመጽሐፍ ያነበቡ ሳይሆኑ በራሳቸው ላይ ያዩ ሰው ነበሩ። ሲያቅዱም ከፍታቸው የተለያየ፣ አንዳንዶቹ ዝቅ ያሉ ቤቶች እንዲሆኑ አስበው ነበር። የበጀቱ ባለሥልጣኖች ግን ወጪው ይቀንስ በማለታቸው 33 ሕንፃዎች ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ባለ 11 ፎቅ ሆነው ተሠሩ። ለቍጠባ ሲባልም አሳንሰሩ በየሦስት ፎቁ እንጂ በየፎቁ እንዳይቆም ተደረገ። የጥገናው ወጪ ከድኾቹ ተከራዮች ኪራይ ብቻ እንዲሸፈን ተወሰነ።

ውጤቱን ለመገመት አያዳግትም። እናቶች ዕቃና ልጅ ይዘው በጨለማ ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ ግድ ሆነባቸው። ተከራዮች መልቀቅ ሲጀምሩ ኪራዩ ቀነሰ፤ ኪራዩ ሲቀንስ ጥገናው ቆመ፤ ጥገናው ሲቆም የቀሩት ተከራዮች ደግሞ ለቀቁ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተመረቀው ሰፈር በ1972 መፍረስ ጀመረ፤ በ1976 አንድም ሕንፃ ሳይቀር ተደመሰሰ። ዕድሜው ሃያ ዓመት ያህል እንኳ በቅጡ አልሞላም ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጽ ነው። እርሳሱን የያዘው ሰው የድኻውን ኑሮ ቢያውቅም፣ የሥራውን ትእዛዝ የጻፈው ሹም ካላወቀ እርሳሱ ብቻውን ምንም አያደርግም። የሕንፃ ፍትሕ ሁለት እግር አለው፤ አንዱ ማን ይነድፋል የሚለው ሲሆን ሁለተኛው በምን ዓይነት አሠራር ይነደፋል የሚለው ነው። አዲሶቹ አርክቴክቶች ያመጡት ቁም ነገርም ወገናቸው ብቻ ሳይሆን ይህ ሁለተኛው እግር ነው።

የጋንዶ ትምህርት ቤት

ሚስተር ፍራንሲስ ኬሬ በ1965 ጋንዶ በተባለች የቡርኪና ፋሶ መንደር ተወለዱ። አባታቸው የመንደሩ አለቃ ነበሩና የመጣላቸውን ደብዳቤ የሚያነብላቸው ልጅ እንዲኖር በማለት ገና በሰባት ዓመታቸው ቴንኮዶጎ ወደምትባል ከተማ ለትምህርት ላኳቸው። ከመንደሩ ሕፃናት ትምህርት ቤት የገቡ የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው። የተማሩበት ክፍል በሲሚንቶ የተሠራ፣ ብርሃንና ነፋስ የማይገባበት፣ ከመቶ በላይ ሕፃናት ተፋፍገው በሙቀት የሚጨነቁበት ነበር።

ለዕረፍት ወደ መንደራቸው መጥተው ሲመለሱ የመንደሩ ሴቶች በየተራ እየመጡ ከልብሳቸው ጫፍ የቋጠሯትን የመጨረሻ ሳንቲም ይሰጧቸው ነበር። ሕፃኑ ነገሩ ገርሟቸው እናታቸውን ቢጠይቁ፣ መንደሩ ይህን የሚያደርገው አንድ ቀን ተምረህ ትረዳናለህ ብሎ ነው የሚል መልስ አገኙ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት በጋንዶም የታወቀ ይመስላል።

በ1985 ለእንጨት ሥራ ሙያ በተሰጣቸው የትምህርት ዕድል ወደ በርሊን ሄዱ። ቀን አናጢነት እየተማሩ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታተሉ፤ ከዚያም በ1995 የበርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ገና ተማሪ ሳሉ በ1998 ለመንደራቸው ትምህርት ቤት መሥሪያ ገንዘብ የሚሰበስብ ማኅበር አቋቋሙ። በ2001 የጋንዶ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አለቀ። በ2004 የአጋ ኻን የኪነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ፤ ነዳፊውም ዲፕሎማቸውን የተቀበሉት በዚያው ዓመት ነው።

የአሠራሩን ብልሃት መግለጽ ይገባል። ግድግዳው ከአካባቢው ሸክላ አፈርና ከጥቂት ሲሚንቶ ተደባልቆ በመጭመቂያ ከወጣ ጡብ ተሠራ። ሦስቱ የመማሪያ ክፍሎች በአንድ መስመር ተደርድረው በመካከላቸው ጥላ ያለው ክፍት ስፍራ ተተወላቸው። የቆርቆሮው ጣራ በቀጥታ በግድግዳው ላይ አልተጫነም፤ በቀጫጭን ብረት ከፍ ተደርጎ ተንሳፈፈ። ከሥሩ ቀዳዳ ያለው የጡብ ኮርኒስ አለ። ስለዚህ ሙቁ አየር በኮርኒሱ ቀዳዳ ወደ ላይ ይወጣና በጣራው ሥር በሚያልፈው ነፋስ ተገፍቶ ይሄዳል፤ ቀዝቃዛው አየር ደግሞ በመስኮቱ ይገባል። ሰፊው የጣራ ክፈፍ ግድግዳውን ከዝናብ ይጠብቃል። የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ አላስፈለገም።

ሥራው ግን በቀላሉ አልተጀመረም። የመንደሩ ሰዎች የጭቃ ቤት በየክረምቱ ሲፈርስ ያዩ ስለ ሆኑ፣ ከጀርመን አገር የተማረ ልጃቸው ጭቃ ይዞ ሲመጣ አዘኑበት። እሳቸውም ሕዝቡ አላዋቂ ነው ብለው አልተቈጡም፤ ሕዝቡ ያለው ሁሉ ትክክል ነው ብለውም አልተዉትም። አሳይተው አሳመኑ። የጡብ ቅስት አሠርተው ከደረቀ በኋላ ሰዎች በላዩ ወጥተው እንዲቆሙ አደረጉ፤ ቅስቱም ቻለ። ከዚያ በኋላ ሕፃናት ለመሠረቱ ድንጋይ፣ ሴቶች ውኃ ተሸከሙ፤ የወለሉንም ጭቃ በአገሩ ልማድ ደልድለው መቱት። ጡብ መሥራትና ብረት መበየድ የተማሩት ወጣቶች ያገኙት ሙያ ሕንፃው ካለቀ በኋላም መተዳደሪያቸው ሆነ። የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ቍጥር ከ120 ተነሥቶ ወደ 700 ደረሰ።

ከዳንዳጂ እስከ ኪጋሊ

ይህ አሠራር የአንድ ሰው ተሰጥዖ ብቻ አለመሆኑን የኒጀሯ አርክቴክት የወይዘሮ ማሪያም ኢሱፉ ሥራ ያስረዳል። እኚህ ሴት በመጀመሪያ የተማሩት የኮምፒውተር ሳይንስ ነበር፤ ለዓመታትም በዚሁ ሙያ ከሠሩ በኋላ ወደ ኪነ ሕንፃ ተመልሰው በ2013 ተመረቁና በሚቀጥለው ዓመት በኒያሚ ከተማ የራሳቸውን መሥሪያ ቤት ከፈቱ። በዳንዳጂ መንደር ሕዝቡ አርጅቶ የጠበበውን የጭቃ መስጊድ አፍርሶ ሰፊ መስጊድ ለመሥራት ባሰበ ጊዜ፣ ወይዘሮ ማሪያምና ኢራናዊት ባልደረባቸው ወይዘሮ ያሳማን ኢስማኢሊ አሮጌው እንዳይፈርስ ለመኑ። አዲሱ መስጊድ በጎኑ ተሠራ፤ አሮጌው ታድሶ የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። ለእድሳቱ የተጠሩትም ያንኑ መስጊድ ቀድሞ የሠሩት ግንበኞች ነበሩ። እነሱ የጥንቱን ጥበብ አመጡ፤ በምትኩ ጭቃው በዝናብ እንዳይሸረሸር የሚያደርገውን አዲስ ዘዴ ተማሩ። ሥራው በ2018 አለቀ።

በሩዋንዳ ደግሞ ነገሩ ከትምህርት ቤት ጀመረ። ሚስተር ክርስቲያን ቤኒማና አርክቴክት ለመሆን ሲፈልጉ በአገራቸው ሙያውን የሚያስተምር አንድም ትምህርት ቤት ስላልነበረ ወደ ሻንግሃይ ሄደው በቻይንኛ ተማሩ። በኪጋሊ የኪነ ሕንፃ ትምህርት የተጀመረው በ2009 ነው። በሰሜን ሩዋንዳ በቡታሮ በ2011 የተከፈተው ሆስፒታል በአካባቢው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በአካባቢው ግንበኞች እጅ ተሠራ፤ የሳንባ ነቀርሳ ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ እንዳይተላለፍ አየሩ ዘወትር እንዲለዋወጥ ተደርጎ ተነድፏል። ሚስተር ቤኒማናም ወደ አገራቸው ተመልሰው ሆስፒታሉን የነደፈው ድርጅት ባልደረባ በመሆን፣ የአፍሪካ ወጣቶች ከአገራቸው ሳይወጡ ሙያውን በሥራ ላይ የሚለማመዱበትን ማዕከል በኪጋሊ መርተዋል።

እንቅፋቱ የት ላይ ነው?

አሠራሩ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን በየአገሩ አልተስፋፋም? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እንቅፋቶቹ በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የክብር ጉዳይ ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሲሚንቶ የሥልጣኔ ምልክት፣ ጭቃ የድኽነት ምልክት ሆኖ ይቈጠራል። በእኛም ዘንድ «የጭቃ ቤት» የሚለው አነጋገር ያለውን ቃና ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ ለድኻ ጭቃ ይበቃዋል የሚል አርክቴክት ሕዝቡን ንቋል። ሚስተር ኬሬ ያሳመኑት ጭቃው ርካሽ ስለ ሆነ ሳይሆን ከሲሚንቶው ክፍል የተሻለ ቀዝቃዛና ያማረ ክፍል ስለ ሠሩበት ነው።

ሁለተኛው የደንብ ጉዳይ ነው። በመንግሥት ግዢ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው። በመንደሩ የሚቀረው ደመወዝና ወጣቶቹ የሚያገኙት ሙያ በዋጋው ዝርዝር ውስጥ ዓምድ የላቸውም። በደንቡ መጽሐፍ ያልተጻፈ የግንባታ ዓይነትም ሲቀርብለት ፈራሚው ሹም ነገ በኦዲት እጠየቃለሁ ብሎ ይሠጋል። ሥጋቱ መሠረት የለውም አይባልም። መፍትሔው ሹሙን መውቀስ ሳይሆን ደንቡን ማሻሻል፣ የአፈር ጡብንም ጥንካሬ መርምሮ በመለኪያ ማስቀመጥ ነው።

ሦስተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ሕዝብን ማማከር ጊዜ ይፈልጋል፤ በጀቱ ግን በሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ ስብሰባው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይጠራል፤ ያለቀ ንድፍ በግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ይህ ማስታወቅ ነው እንጂ ማማከር አይደለም። ሕዝቡ እየበዛ፣ ቤት ፈላጊው እየጨመረ በሄደበት ዘመን ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ፋታ የለም የሚሉ አሉ። ክርክሩ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሃያ ዓመት ሳይሞላው የፈረሰው የሴንት ሉዊስ ሰፈርም በችኮላና በቍጠባ የተሠራ ነበር። ሁለት ጊዜ ከመሥራት አንድ ጊዜ መጠየቅ ይረክሳል።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በአዲስ አበባ በ1961 የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ የነደፉት ጣሊያናዊው ሚስተር አርቱሮ ሜዜዲሚ ናቸው፤ አዳራሹ ታድሶ በ2024 እንደገና ተከፍቷል። የንግድ ባንክን የቀድሞ ዋና መሥሪያ ቤት የነደፉት ፈረንሳዊው ሚስተር ሄንሪ ሾሜት ናቸው። በዚያ ዘመን ከታላላቆቹ ሕንፃዎች ነዳፊዎች መካከል የአገሬውን ልጅ ስም ማግኘት ብርቅ ነበር፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንፃ ከሚስተር ዛልማን ኤናቭ ጋር የነደፉት አቶ ሚካኤል ቴድሮስ ከጥቂቶቹ አንዱ ናቸው። ዛሬ ግን በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው፣ በልደታ የሚገኘው የሕንፃ ትምህርት ተቋም ያፈራቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን አርክቴክቶች በሥራ ላይ ናቸው። በ2007 የአጋ ኻን ሽልማት ያገኘው በአዲስ አበባ የሚገኘው የኔዘርላንድስ ኤምባሲ ሲሠራ፣ ከሆላንዳውያኑ ነዳፊዎች ጋር የአገር ውስጥ አርክቴክት ሆነው የሠሩት ወይዘሮ ራሔል ሻውል ናቸው። የመጀመሪያው እግር፣ ማለት እርሳሱን የመያዙ ጉዳይ፣ በእኛ አገር ረጅም መንገድ ተራምዷል ለማለት ይቻላል።

ሁለተኛውም እግር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ደቦና ጅጊ ከጥንት የነበሩ ናቸው። በ1960ዎቹም በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የትምህርት ቤቶች ሥራ ክፍል በየጠቅላይ ግዛቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ሲሠራ የአካባቢው ሕዝብ ገንዘብና ጉልበት እያዋጣ ይካፈል ነበር። ስለዚህ ጋንዶ ለእኛ የሩቅ አገር ተአምር ሳትሆን የምናውቀው ነገር ማስታወሻ ናት።

የኑሮን ልማድ ሳይጠይቁ መንደፍ ምን እንደሚያስከትልም ከቅርቡ ማየት እንችላለን። የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአዲስ አበባ በ2005 አካባቢ መሠራት ሲጀምሩ በየግቢው የጋራ መገልገያ ቤት እንዲኖር መታሰቡ መልካም ነበር፤ በፎቅ ላይ በግ ማረድም ሆነ ድግስ መደገስ እንደማይመች ያሰበ ሰው ነበረ ማለት ነው። በሌላ በኩል ግን ቤቱ በዕጣ ሲታደል ዕጣው የሚወጣው ለየግለሰቡ ስለ ሆነ፣ በአንድ ሰፈር አብረው የኖሩ ጎረቤቶች በከተማው ዳርና ዳር ተበተኑ። እድራቸውን ያላፈረሱት ለቀብር ሁለትና ሦስት ታክሲ መያዝ ግድ ሆነባቸው። እድር ግድግዳና ጣራ የለውም፤ በአርክቴክቱ ወረቀትም ላይ አይታይም። ሆኖም ለብዙ ቤተ ሰብ ከግድግዳው ይልቅ የሚያስጠጋው እሱ ነው። አንድን ሰፈር የሚያነሣና የሚያሰፍር መሥሪያ ቤት ቤቶቹን እንደ ቈጠረ ሁሉ እድሮቹንም ቢቈጥር፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ጋር ለማስፈር ቢጥር፣ ወጪው ብዙ ሳይጨምር የሚድነው ነገር ብዙ ነው።

እንግዲህ የሕንፃ ትምህርት የምትማሩ ወጣቶች፣ ከመምህራችሁ ዘንድ የምታገኙት ዕውቀት እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ በዕረፍታችሁ ወራት ከአንድ ግንበኛ ጋር ቆማችሁ ብትውሉ፣ በአንዲት እናት ጓዳ ተቀምጣችሁ ጢሱ በየት እንደሚወጣና ልጆቹ የት እንደሚያጠኑ ብትመለከቱ፣ ንድፋችሁ ሌላ ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ የምታገለግሉ ወጣት ሠራተኞችም፣ ፊርማችሁ ከአርክቴክቱ እርሳስ የማያንስ ኀይል እንዳለው አትዘንጉ። ሚስተር ያማሳኪን ያሸነፋቸው የሌላ አርክቴክት ንድፍ አልነበረም፤ የአንድ መሥሪያ ቤት የበጀት ደብዳቤ ነበር።

ስለዚህ አንድ ንድፍ ለፊርማ በቀረበላችሁ ጊዜ ሦስት ነገር ጠይቁ። የሚኖርበት ሰው ተጠይቋልን? ሲሠራ ደመወዙና ሙያው ለማን ይቀራል? ሲበላሽስ የሚጠግነው ማን ነው፣ በምንስ ገንዘብ? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ያለው ሕንፃ በምረቃው ቀን ሪባኑን ማንም ቢቈርጠው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ጣራው ሲያፈስ ማንም ሳይቀሰቅሰው መሰላል ይዞ የሚመጣ ባለቤት አለው።